በረኛው አዲስ አበባ ቀርቷል

ወንድማችን ሥራ ሲለቅ መሥሪያ ቤቱ ያገለገለበትን ላፕቶፕ ሰጠው፤ ይዞት ደብረ ሲና ገባ። ቀኑ እህታችን ለሥራ በኢንተርኔት የምታመለክትበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ላፕቶፑ ከቤታችን ዋይፋይ ጋር ይገናኛል፣ ገጽ ግን አይከፍትም። እኛም እንደ ልማዳችን «ኔትወርክ የለም» አልን፤ አንዳችንማ የጣርማ በርን ጉም ወቀሰ። እናታችን ግን «የእኔ ስልክ በዚሁ ዋይፋይ እየሠራ አይደል እንዴ?» አለችን።

እውነትም ችግሩ ላፕቶፑ ውስጥ ነበር። ሴቲንግ ገብተን ፕሮክሲ የሚለውን ስንከፍት የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ እንደተሞላ ነው። ፕሮክሲ ወደ ኢንተርኔት የሚያሳልፍ በረኛ ማለት ነው። ላፕቶፑ እኛ ቤት ተቀምጦ አዲስ አበባ የቀረውን በረኛ ይጠብቅ ነበር። አጠፋነው፤ ገጹ ተከፈተ። አልሐምዱሊላህ፣ ማመልከቻው ከመግሪብ በፊት ተላከ።

አንድ ነገር ግን ቀረ፤ የሠራተኞች ደመወዝ ፋይል እዚያው ተቀምጧል። የሰው ምስጢር አማና ነው። ወንድማችን ሳይከፍተው ደውሎ አሳወቀ፤ አጥፋው ሲሉትም አጠፋው።

የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ የደረሳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዋይፋዩን በስልክ ሞክሩት፤ ከሠራ ፕሮክሲውን እዩ። የሰው ፋይል ካገኛችሁ ግን አትክፈቱት፣ ለባለቤቱ ንገሩ።