ተውኔትን በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

አንድ ጊዜ የተሰማች ቅኔ ዳግመኛ አትቀርብም፤ ጆሮውን ያዘጋጀ ያተርፋታል፥ ያንቀላፋ ያጣታል። ተውኔትም እንዲሁ ናት። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት በ1948 ዓ.ም. በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት የተሰማው ድምፅ ከመጋረጃው ጋራ ዐልፏል። ስለዚህ ከሚያልፈው ጥቂት የሚያስቀር ፎቶግራፍ አንሺ ሥራው የተናቀ አይደለም።

ነገር ግን አንሺው አስቀድሞ ሰሚ ሊኾን ይገባዋል። በመድረክ ላይ ፊት ብሩህ፥ ዙሪያው ጨለማ ነው፤ መሣሪያው በጨለማው ተታልሎ ብርሃን ሲያበዛ የተዋናዩ ፊት እንደ ኖራ ይነጣል። ተዋናዩ ሲፈጥን ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ቃሉን ጨርሶ ዝም ሲል ግን ሐዘኑ በፊቱ ላይ ይረጋል። ይህችን ቅጽበት የሚጠብቃት ልምምዱን ተቀምጦ የተመለከተ ነው።

አንድ ምሽት፥ ልጁን እንደ ቀበረ አባት ኾኖ የሚጫወት ተዋናይ ሊያለቅስ ሲል ከፊተኛው ረድፍ ብልጭታ ፈነጠቀበት። ዐይኑ ጨለመ፥ ቃሉም ጠፋው፤ የተመልካቹም እንባ ደረቀ። አንሺው ሥዕሉን ይዞ ኼደ፤ ልቅሶው ግን በሥዕሉ ውስጥ አልነበረም። ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል ይህ ነው።