ያልጠቆመ ልጅ አላወቀም ማለት ነውን? ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ልጆች የሰውነት ግንዛቤን ስለ መመዘን

በድኅረ ምረቃ የፊዚዮቴራፒ ትምህርቴ የተግባር ልምምድ ወቅት፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን የ7 ዓመት ልጅ የሰውነት ግንዛቤ እንድመዝን ተመደብሁ። በእጄ የነበረው ቅጽ አጭርና ግልጽ ነበር። መዛኙ የአንድን የአካል ክፍል ስም ይጠራል፤ ልጁ በራሱ አካል ላይ ያሳያል፤ ትክክል ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ይጻፋል። ልጁ ከ10 ጥያቄዎች ያገኘው 2 ብቻ ነበር። እኔም በካርዱ ላይ «የሰውነት ግንዛቤው በጣም ዝቅተኛ ነው» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁም።

እናቱ የጻፍሁትን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዶክተር፣ ይህን እኮ ለትምህርት ቤት ነው የማሳየው። አያውቅም ብለው ነው የጻፉት?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ የልጁን ሹራብ አንሥተው ያለብሱት ጀመር። «ክርንህን» ሲሉት፣ ገና ሳይነኩት ትከሻውን አዘነበለ። «አንገትህን» ሲሉት ራሱን ዝቅ አደረገ። ክንዱ ያለ ፈቃዱ ወዲያና ወዲህ ይወራጫል፤ ገላው ግን የተጠራውን ክፍል አስቀድሞ ያቀርብ ነበር።

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአካል አቋም መታወክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ዓለም አቀፍ ትርጓሜ፣ የእንቅስቃሴው መታወክ ብዙ ጊዜ ከስሜትና ከማስተዋል ችግሮች ጋር እንደሚመጣ ይገልጻል። ስለዚህ የሰውነት ግንዛቤን መመዘን ተገቢ ነው። ሆኖም ይህ ግንዛቤ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። አንደኛው፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው፣ ሳያዩ የአካልን አቀማመጥ የማወቅ ስሜት ነው። ሁለተኛው፣ ሄንሪ ሄድና ጎርደን ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1911 ያብራሩት፣ አንጎል ስለ አካል አቋም የሚይዘውና በየጊዜው የሚያድሰው ንድፍ ነው። ሦስተኛው የአካል ክፍሎችን ስምና ቦታ ማወቅ ነው። የእኔ ቅጽ የጠየቀው ሦስተኛውን ብቻ ነበር፤ እርሱንም በእጅ በኩል።

ልጁ 1 ለማግኘት ቃሉን መስማት፣ መረዳት፣ ቦታውን ማወቅ፣ ከዚያም ክንዱን አዝዞ እዚያ ማድረስ ነበረበት። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ውጤቱ ያው 0 ነው። ወደ ቅጹ ተመልሼ ሳይ ያገኛቸው ሁለት ነጥቦች አፍና ዓይን ነበሩ፦ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሳይቶኝ ነበር። እጅ የማያስፈልጋቸውን መልሶ፣ እጅ የሚያስፈልጋቸውን ስቷል። ፍንጩ በፊቴ ነበር፤ ድምሩን እንጂ ዝርዝሩን አላየሁም።

ሌላም ስሕተት ነበር። ቅጹ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ሲሆን፣ «እጅ» ሲል ከአንጓ በታች ያለውን ብቻ ይሻል። በእኛ የዕለት ተዕለት ንግግር ግን እጅ ከጣት እስከ ትከሻ ይደርሳል፤ እግርም እንዲሁ ከጣት እስከ ጭን። ልጁ «እጅህን» ስለው በአገጩ ክንዱን ነክቶ ነበር። እኔ 0 ጻፍሁለት። በአማርኛ ትክክል መልሷል።

በሳምንቱ በሌላ መንገድ መዘንሁት። እናትና ልጅ ቀድሞ የሚግባቡበት ምልክት ነበራቸው፤ «አዎ» ሲል ወደ ላይ ያያል። ሁለት የአካል ክፍሎቹን በየተራ እየነካሁ «ይህ ነው?» አልሁት። እያንዳንዱን ስም ቅደም ተከተሉን ለውጬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ፤ የቆጠርሁትም ሁለቱንም ጊዜ ሲመልስ ብቻ ነው። እንዲህ ሲደረግ በግምት የመምታት ዕድል ከግማሽ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከ10 ስሞች 8ቱን አወቀ።

ከዚያ ዓይኑን በእናቱ ነጠላ ሸፍነን አውራ ጣቱን በቀስታ ሳጥፍና ስዘረጋ፣ ነጠላውን አንሥተን «ታጥፎ ነበር? ተዘርግቶ ነበር?» እያልን ጠየቅነው። ግራ እጁን በአብዛኛው በትክክል መለሰ። በቀኝ እጁ ግን መልሱ ከግምት አይለይም ነበር። እናቱ ይህን ሲያዩ፣ «ለዚህ ነዋ ቀኝ እጁ ከጎኑ ሥር ተጣጥፎ ሲቀር የማያስታውቀኝ» አሉ።

እንግዲህ ልጁ በእርግጥ ችግር ነበረበት። የመጀመሪያው ውጤቴ የሚያውቀውን ስሞች እንደማያውቅ አድርጎ ሲያቀርብ፣ እውነተኛውን የቀኝ እጅ ስሜት መጓደል ደግሞ ሸፍኖት ነበር። ጉዳቱ በሁለቱም በኩል ነው፤ ትምህርት ቤቱ ልጁን ዝቅ አድርጎ ሊያየው፣ እኛም ሕክምናውን ከማያስፈልገው ቦታ ልንጀምር ነበር።

በካርዱ ላይ የጻፍሁትን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ አዲሱን ውጤት ከነአመዛዘኑ ጻፍሁ። እናቱም ይዘውት ሄዱ። ትምህርት ቤቱ የሚወስነውን ገና አልሰማሁም።

ለሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ አነስተኛ ነው። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን «ልጁ በምን መለሰ?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር፤ በእጅ፣ በዓይን፣ በድምፅ ወይስ በገላው? ከመመዘናችንም በፊት እናቱን፣ ልጁ በቤት ውስጥ «አዎ» የሚለው እንዴት እንደሆነ እንጠይቅ። እኔ ይህን የጠየቅሁት ከፈረምሁ በኋላ ነው።