ለመቆም የተሠራች መኪና



የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንዲት የእሽቅድምድም መኪና ነው። «የጀመዓ መጽሔትን ከእሽቅድምድም ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉኝ አትጠፉም፤ ትንሽ ታገሡኝ። መኪናዋ ጃጓር ሲ-ታይፕ ትባላለች። ከሰባ ዓመት በፊት ፈረንሳይ ውስጥ በሌ ማን ከተማ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር ሁለት ጊዜ አሸንፋለች። እንዴት እንዳሸነፈች ሳነብ ግን ሐሳቤ ላይ የመጣው ፈረንሳይ ሳይሆን ሊማሊሞ ነው።

ሊማሊሞን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ከጎንደር ተነስታችሁ፣ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ስትገቡ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናችሁ። ብርዱ ራሱ ይነግራችኋል። ወደ አዲርቃይ ለመቀጠል ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ ሜዳው በድንገት ያልቅና መንገዱ ገደሉን ይዞ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ቆላው እስኪደረስ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ መውረድ ነው። መንገዱ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ጣሊያን መንገዱን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ትቶልን ሄዷል፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ቸርኬ የምንላቸው ሁሉ ከእሱ የተወሰዱ ናቸው።

አጎቴ በዚህ መንገድ ላይ ለብዙ ዓመታት አይሱዙ ነድቷል። ጠዋት መድረሳ፣ ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተማርኩ ባደግኩባቸው ዓመታት፣ ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ አብሬው እወርድ ነበር። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መኪናውን ያቆማል፣ ወርዶ ጎማውን ይዞራል፣ ከዚያ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ረዳቱ ሲቸኩል «ፍሬን ለመቆም ነው፤ ለመውረድ ማርሽ አለልህ» ይለው ነበር። መሃል ላይ የፍሬን ሸራው መሽተት ከጀመረ ዳር ይዞ፣ ታኮ አስደርጎ ይጠብቃል። ረዳቱ ውሃ ሊያፈስበት ሲል «ተው፣ ታምቡሩ ይሰነጠቃል!» ብሎ ሲከለክለው ሰምቻለሁ።

አንደኛ ዓመት ሳለሁ ከአካባቢያችን ሰው የጫነች አንዲት መኪና እዚያው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሏት ገደል ገባች። ከሞቱት አንዱ መድረሳ አብሮኝ የቀራ ልጅ ነበር። ለቅሶው ላይ ትልልቆቹ «የአላህ ቀደር ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ቀደርን ማመን «ፍሬኑ ለምን እምቢ አለ?» ብሎ ከመጠየቅ አይከለክልም። ዲፓርትመንት ምርጫ ሲመጣ ሜካኒካል ብዬ የሞላሁት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። የሲ-ታይፕን ታሪክ ያገኘሁትም መልሱን ስፈልግ ነው።

አሁን ወደ መኪናዋ እንሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሌ ማን ውድድር ቀላል ሕግ አለው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ ርቀት የሄደ ያሸንፋል። ሾፌሮቹ ይቀያየራሉ፣ መኪናዋ ግን ያቺው ናት። አንድ ዙር በዚያ ዘመን ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከዚያ ውስጥ 6 ኪሎ ሜትር ያህሉ ሙልሳን የሚባል ቀጥ ያለ መንገድ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ጠባብ ኩርባ ይጠብቃል።

ጃጓር በዚያ ዘመን ፋብሪካው በእንግሊዝ አገር፣ በኮቨንትሪ ከተማ የነበረ ኩባንያ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩን ሞተር ያሰቡት መሐንዲሶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሌሊት ሌሊት ፋብሪካውን ከቦምብ እሳት ሲጠብቁ እንደነበር ይነገራል። ከእነሱ አንዱ ዋልተር ሐሰን ይባላል። ስሙን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ እንግሊዛዊ ነው! የመኪናዋን ቅርጽ ያወጣው ደግሞ ማልኮም ሴየር ነው። ቀድሞ በአውሮፕላን ፋብሪካ የሠራ ሰው ሲሆን፣ በ1948 ምህንድስና ለማስተማር ባግዳድ ድረስ ሄዶ ነበር። አየር በመኪና ላይ እንዴት እንደሚፈስ በስሌት እየሠራ መስመሩን ያወጣ ነበር።

በ1951 ሦስት ሲ-ታይፖች ሌ ማን ሄዱ። ሁለቱ ውድድሩን አቋረጡ፤ ምክንያቱ ሞተር ውስጥ ያለች ትንሽ የዘይት ቱቦ በንዝረት መሰበሯ ነው። ሦስተኛዋ ግን ጨርሳ አሸነፈች። አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ነበር።

በ1952 የሆነውን እያንዳንዱ የምህንድስና ተማሪ ቢያውቀው እላለሁ። የመርሰዲስ አዲስ መኪና በጣም ፈጣን ናት የሚል ወሬ መጣ። ጃጓሮች ተደናገጡና ውድድሩ ሊደርስ ሲል የመኪናዋን አፍንጫ ረዘም፣ ዝቅ አደረጉት። አየሩን በተሻለ ሁኔታ እንድትሰነጥቅ ነበር። ነገር ግን ወደ ራዲያተሩ የሚገባው አየር አነሰ። በበቂ ሁኔታ ለመፈተን ጊዜ አልነበረም። ሦስቱም መኪኖች ሞተራቸው ግሎ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወጡ፤ መርሰዲስ አሸነፈ። ፍጥነት ጨመርን ብለው ሙቀቱ የሚወጣበትን በር ዘግተውት ነበር።

በዚያው ዓመት ግን በጎን ሌላ ሥራ እየተሠራ ነበር። ደንሎፕ ለአውሮፕላን የሠራውን የዲስክ ፍሬን ከጃጓር ጋር ሆኖ ለመኪና እያላመደ ነበር። በዚያን ጊዜ መኪኖች ሁሉ ማለት ይቻላል የታምቡር ፍሬን ነበራቸው። ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር የሚዞር ከበሮ ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ከውስጥ ያለው ሸራ ወደ ውጭ ተገፍቶ ይይዘዋል። ሲግል ሁለት ነገር ይሆናል። ብረቱ ሰፍቶ ከሸራው ይሸሻል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ሙቀቱ ከበሮው ውስጥ ስለሚታፈን በቶሎ አይበርድም። ዲስክ ግን ለአየር የተጋለጠ ሳሕን ነው፤ ከሁለት በኩል እንደ ጉጠት ተጨምቆ ይያዛል። ሲግል ቢያብጥ እንኳ ወደሚይዘው ነገር ይጠጋል እንጂ አይሸሽም።

ይህም ቢሆን በአንድ ቀን አልተሳካም። የጃጓሩ የሙከራ ሾፌር ኖርማን ዲዊስ እየነዳ ሲፈትነው የፍሬኑ ዘይት ፈላ። ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ዘይቱ ተለወጠ፣ ፓዱ ተለወጠ፣ ደጋግሞ ተሞከረ። በሰኔ 1952 ስተርሊንግ ሞስ በፈረንሳይ ሬምስ ከተማ በዲስክ ፍሬን ተወዳድሮ አሸነፈ።

በ1953 ጃጓሮች ወደ ሌ ማን ሲመለሱ ያንን የረዘመ አፍንጫ ትተው ወደ ቀድሞው ቅርጽ ተመልሰዋል፤ መኪናዋን አቅልለዋታል፣ ዲስኩንም ገጥመዋል። የውድድሩን ፈጣን ዙር ያስመዘገበው ጃጓር አይደለም፤ በፌራሪ የነዳው አልቤርቶ አስካሪ ነው። አስካሪ ግን ውድድሩን አልጨረሰም። ቶኒ ሮልትና ደንከን ሃሚልተን የነዷት ሲ-ታይፕ 304 ዙር፣ ማለትም ወደ 4,088 ኪሎ ሜትር ሄዳ አንደኛ ወጣች። አማካይ ፍጥነቷ 170 ኪሎ ሜትር ነበር። ሌሎቹ ጃጓሮች ሁለተኛና አራተኛ ሆኑ። ተቀናቃኞቹ ኩርባው ሳይደርስ ቀደም ብለው ፍሬን መያዝ ነበረባቸው፤ ሌሊቱ በገፋ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ቀደም ብለው። ጃጓሮቹ በመጀመሪያው ዙር በያዙበት ቦታ ከብዙ ሰዓታት በኋላም ይይዙ ነበር።

እስቲ በፊዚክስ እንየው። 1,000 ኪሎ ግራም አካባቢ የምትመዝን መኪና ከ240 ወደ 50 ኪሎ ሜትር ስትቀንስ ፍሬኗ 2.1 ሜጋጁል ያህል ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጣል። ይህ ስድስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ መርገጥ! ያውም በየዙሩ፣ ከ300 ጊዜ በላይ።

አሁን ወደ ሊማሊሞ አምጡት። ጭነቱን ጨምሮ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 98 ሜጋጁል ይለቃል። ይህ የሲ-ታይፕን አርባ ስድስት አረጋገጥ ያህል ነው። ጃጓሯ በሁለት አረጋገጥ መካከል ረጅም ቀጥ ያለ መንገድና ብዙ ንፋስ አላት፤ የእኛ መኪና ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ንፋስም የለው፣ እረፍትም የለው። ያ ሁሉ ሙቀት ፍሬን ላይ ብቻ ከተጫነ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው ይደክማል፣ ዘይት ያለው ከሆነም ዘይቱ ይፈላል። በከባድ ማርሽ ሲወረድ ግን የኃይሉን ትልቅ ድርሻ ሞተሩ ይሸከመዋል፤ ሙቀቱ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል። አጎቴ ለረዳቱ ይል የነበረው ይህንኑ ነበር፤ እኔ ሦስተኛ ዓመት ደርሼ ነው በቁጥር ያገኘሁት።

ስለ ዘይቱም አንድ ነገር ልጨምር። የተለመደው የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከላይ ሲታይ ጣሳው ሙሉ ነው፣ ምንም የጎደለ አይመስልም። ሜዳ ላይም ምንም አይልም። ጉዱ የሚታየው ቁልቁለት ላይ ነው።

መድረሳ ሂፍዝ የሞከራችሁ ይህን በደንብ ትረዱታላችሁ። አንድን ገጽ ለኡስታዝ አንዴ አስተካክሎ ማሰማት ይቻላል። ገጹ መያዙ የሚታወቀው ግን በሙራጀዓ ነው፤ ደክሞህ፣ እንቅልፍህ መጥቶ፣ ለመቶኛ ጊዜ ስትቀራው። የት ላይ እንደምትሰናከል ያኔ ይወጣል። የ24 ሰዓት ውድድርም የመኪና ሙራጀዓ ነው። የ1951ዷን የዘይት ቱቦና የ1952ቱን አፍንጫ ያጋለጠው መደጋገሙ ነው። በቤተ ሙከራ አንዴ ሠርቶ «ይሠራል» ብለን ሪፖርት የምንጽፍ ተማሪዎች ብዙ ነን፤ ሊማሊሞን በየሳምንቱ የሚወርድ ሰው የሚያስፈልገው ግን ሦስት መቶኛው ላይ የሚሠራ ነገር ነው።

ዲስክ ፍሬን ከዚያ በኋላ በውድድር ሜዳ አልቀረም። በ1955 የፈረንሳዩ ሲትሮየን ዲ.ኤስ. ከፊት ዲስክ ይዞ ለገበያ ወጣ፤ ዛሬ የምንሳፈርባቸው ሚኒባሶችም አብዛኞቹ ከፊት ዲስክ አላቸው። በእኛ መንገድ የሚሠሩት የጭነት መኪኖች ግን አሁንም በብዛት በታምቡር ነው የሚቆሙት። ታምቡር ራሱ ጥፋተኛ አይደለም። ሸራው በጊዜው ከተቀየረ፣ ማርሽ ከተያዘ፣ እረፍት ከተሰጠው ያወርዳል። ችግሩ መጋሉን የሚናገር ነገር የሌለው መሆኑ ነው። አጎቴ በሽታው ያውቃል፤ መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወርድ ወጣት ሾፌር ግን አያውቅም።

ስለዚህ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ያሰብኩት ትንሽ ነገር ነው፤ ታምቡሩ አጠገብ የሚገጠም የሙቀት መለኪያና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ጋቢና ውስጥ የሚበራ ቀይ መብራት። ውድ መሆን የለበትም። አቧራና ጭቃ መቻል አለበት። አንዴ ሳይሆን በየቀኑ መሥራት አለበት። እኔ የሜካኒካሉን ሥራ እችለዋለሁ፤ ወረዳውን ግን ኤሌክትሪካል የሚያጠና ሰው ያስፈልገዋል። ፈቃደኛ የሆናችሁ እህትም ሆነ ወንድም ስማችሁን ለጀመዓው የትምህርት ክፍል ስጡልኝ። ሲቪል የምትማሩ ደግሞ ፍሬን ያጣ መኪና የሚወጣበት የአሸዋ መውጫ በእንደዚህ ያለ ገደል ላይ የት የት ሊሠራ እንደሚችል ለቀጣዩ እትም ብትጽፉልን ደስ ይለናል።

ለእረፍት ወደ አገራችሁ ስትሄዱም የቤተሰብ መኪና ካለ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ሁለት ዓመት ካለፈው አስቀይሩት።

አላህ መንገደኞቻችንን ሁሉ በሰላም ያግባልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።