ፕሮጀክተር ግዛ ብለው ላኩኝ

አንባቢ ሆይ፤ የሌላ ሰው ገንዘብ በኪስህ ይዘህ ገበያ ወጥተህ ታውቃለህን? የራስህ ሲሆን ብትሳሳት ጉዳቱ ያንተው ነው። የወላጆች መዋጮ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ብር የሰጪውን ፊት ይዞ ይመጣል። ከሰጪዎቹ መካከል ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ እናቶች እንዳሉ ስለማውቅ፣ የወላጅና የመምህራን ኅብረት ለትምህርት ቤታችን ፕሮጀክተር እንድገዛ ሲመርጠኝ ከደስታው ይልቅ ጭንቀቱ በለጠብኝ። የተመረጥሁበትም ምክንያት ሌላ አይደለም፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ዕድሜዬም ገና 25 ስለሆነ «የዘመኑን ዕቃ ያውቃል» ተብዬ ነው።

ትምህርት ቤቱ ቀደም ሲል አንድ ፕሮጀክተር ነበረው። ነገር ግን መብራት ድንገት እየሄደ ሲመለስ ቆይቶ አንድ ቀን አምፑሉ ተቃጠለ፤ የአዲሱ አምፑል ዋጋ ርእሰ መምህሩን አስደነገጣቸው፤ ዕቃውም ንብረት ክፍል ገብቶ አቧራ ለብሶ ቀረ። እኔም ልብ ደምን እንዴት እንደሚረጭ በጠመኔ ስዬ ሳሳይ፣ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ሥዕሉን ከድንች መለየት ያቅታቸው ነበር።

መርካቶ ወረድሁ። የመጀመሪያው ባለሱቅ በኤል ኢ ዲ የሚሠራ፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ አወጡልኝ። በካርቶኑ ላይ የብርሃኑ መጠን በብዙ ሺህ ተጽፏል፤ ዋጋው ርካሽ ነው። «መምህር፣ እስቲ ይህን ተመልከት» ብለው የሱቁን በር ዘግተው፣ መብራቱን አጥፍተው አሳዩኝ። እውነትም ያማረ ሥዕል ነበር። እጄ ወደ ኪሴ ሲሄድ የማስተምርበት ክፍል ትዝ አለኝ፤ 4 ሰፋፊ መስኮቶች አሉት፤ መጋረጃ የለውም። «ጋሼ፣ እባክዎ በሩን ይክፈቱት» አልኋቸው። በሩ ሲከፈት ሥዕሉ እንደ ጤዛ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮጀክተር ብርሃን ይረጫል እንጂ ጨለማ አይረጭም። በሥዕሉ ውስጥ ጥቁር ሆኖ የሚታየን ግድግዳው ራሱ ነው፤ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ካረፈ ጥቁር የሚባል ነገር አይኖርም። ሉመን የተባለውን የብርሃን ቁጥር ደግሞ ካርቶን ላይ ማንም እንዳሻው ይጽፈዋል፤ ስለዚህ «በአንሲ ወይም በአይሶ ደንብ የተለካ ነውን?» ብለህ ጠይቅ። መስኮት ለበዛበት ክፍል በዚህ ደንብ ከ3,000 ያነሰ ባይገዛ ይሻላል።

በሁለተኛው ሱቅ ሁለት ዓይነት ቀረበልኝ። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ፕሮጀክተር ሁሉ «ኤል ሲ ዲ» ይባላል፤ የልብስ ሳሙና ዱቄት ሁሉ «ኦሞ» እንደሚባለው ማለት ነው። ኤል ሲ ዲ ግን አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። በውስጡ ነጩ ብርሃን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ይከፈልና በ3 ትናንሽ ገበታዎች ካለፈ በኋላ በፕሪዝም ተመልሶ ይገናኛል። ሌላው ዲ ኤል ፒ ነው፤ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባልደረባ የሆነው ላሪ ሆርንቤክ በ1987 እ.ኤ.አ. በፈለሰፈው ቺፕ ይሠራል። በቺፑ ላይ ከጠጕር የቀጠኑ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ መስተዋቶች ይገላበጣሉ፤ በርካሾቹም ላይ ቀለሙን ተራ በተራ የሚሰጠው የሚሽከረከር ባለቀለም ክብ ነው። ዲ ኤል ፒ አቧራ ይችላል፤ ኤል ሲ ዲ ግን የአየር ማጣሪያው ካልተጠረገ ይታፈናል። ይሁን እንጂ ዓይኔን ከጥግ ወደ ጥግ ሳዞር በዲ ኤል ፒው ሥዕል ላይ ቀስተ ደመና መሳይ ነገር ሽው አለብኝ፤ ቀዩም ከነጩ አጠገብ ደብዘዝ ብሎ ታየኝ። የደም ሥር ለሚያሳይ መምህር ቀይ ቀለም ቀላል ነገር አይደለም! አቧራውን እኔው እጠርጋለሁ ብዬ ወደ ኤል ሲ ዲው አዘነበልሁ።

ከዚያ ሌዘሩ መጣና ልቤን አማለለው። ወዲያው ይበራል፣ ወዲያው ይጠፋል፤ የሚለወጥ አምፑል የለውም፤ 20,000 ሰዓት ያህል ይሠራል። ግን የያዝሁትን ገንዘብ አንድ ብር ሳያስቀር ይበላል። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 40 ሳምንት ብናስተምርበት 800 ሰዓት ይሆናል። 4,000 ሰዓት የሚቆይ አምፑል 5 ዓመት ያገለግለናል፤ ሌዘሩ 25 ዓመት። ያን ጊዜ እኔ 50 ይሞላኛል፤ ማራገቢያውና ሌላው ብልት እስከዚያ መቆየቱን ማን ዋስ ይሆናል?

እንግዲህ 3,600 ሉመን ያለውን ባለአምፑል ኤል ሲ ዲ ገዛሁ። በተረፈው ገንዘብ መጋረጃ፣ ለሥዕሉ የሚወጠር አቡጀዲና መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጥ ዩ ፒ ኤስ ጨመርሁ። የጋለ አምፑል ማራገቢያው ሙቀቱን ሳያወጣለት በድንገት ከቆመ ዕድሜው ያጥራልና። አንድ የኅብረቱ አባል ግን «ፕሮጀክተር አልን እንጂ መጋረጃ አልን?» ብለው ተቆጡኝ። ደረሰኙን አንድ በአንድ አሳየኋቸው፤ እስከ ዛሬም ያኰረፉ ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ትምህርት ልቡ በአቡጀዲው ላይ ቀይ ሆኖ ሲመታ የኋላው ወንበር ዝም አለ። ወዲያው መብራት ሄደ። ዩ ፒ ኤሱ ጮኸ፤ እኔም የማጥፊያውን ቍልፍ ተጫንሁ። 50 ተማሪዎች ትንፋሻቸውን ውጠው የማራገቢያውን ድምፅ ሲያዳምጡ፣ ጥቂት ዞሮ ዞሮ በራሱ ጊዜ ቆመ። መጋረጃውን ገልጬ ጠመኔዬን አነሣሁ።