የፉሪ መብራትና የዘበኛው እንግዳ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ሌሊት 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሕንፃው ተወዛወዘ። ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረው ሻንጣ ወርዶ ወለሉን እስኪመታ ድረስ በሕልሜ መስሎኝ ነበር። የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ በየደረጃው ግር ብሎ ወረደ፤ ጋቢ የደረበ፣ ልጅ ያቀፈ፣ ጫማውን በእጁ ያንጠለጠለ። ጠዋት ላይ መጠኑ 5.8 እንደሆነ ሰማን። በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ምድር ከተረበሸች ሰንብታለች፤ ትናንት ደግሞ ዶፈን ተራራ ሥር እንፋሎትና አቧራ ሲተፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነው የዋለው።

ግቢ ውስጥ ቆመን ብርዱ እየጠና ሲሄድ፣ ወሬው ከርዕደ መሬት ወደ መንፈስ ተሻገረ። የአራተኛ ፎቋ እትዬ፣ “ይኼ እንደሚመጣ አውቄዋለሁ። ሰሞኑን ፉሪ አናት ላይ የሚበራ ነገር አለ” አሉ።

“ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያዩት?”

“አንተ ደግሞ! መንፈስ ሰዓት ይጠየቃል?”

ይጠየቃል እንጂ። እኔ በመንፈስ አላምንም፤ የመንፈስ ወሬ ግን አያመልጠኝም። ያደግሁት አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። በቀትር ወንዝ መውረድ፣ ሲመሽ አመድ መድፋት ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነበር፤ ጥላ ወጊ አለ፣ መጋኛ አለ። አሁን እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውንና ምን ያህል እንደቆየ ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ። አብዛኛው ወሬ እዚያው ይከስማል። ባለወሬው ግን ውሸታም አይደለም። ያየውን አይቷል፤ እኔ የምጠራጠረው ላየው ነገር ያወጣለትን ስም ነው።

የቤተ ክርስቲያን ነገር ሲነሳ ደብተሬን እዘጋለሁ። እናቴ በሕይወት አለች።

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው አስጠሩኝ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆመን ወደ ምዕራብ ስናይ፣ ከፉሪ በላይ ነጭ፣ ደማቅ፣ የማይርገበገብ ነገር አለ። ቬኑስ ናት። በዚህ ሰሞን ከፀሐይ በጣም ርቃ ስለምትታይ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ከሦስት ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ ትቆያለች። ልጁ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከዲሹ ጠርዝ ጋር እንዲያስተካክላት አደረግሁት። ጥቂት ቆይታ ከጠርዙ ሥር ገባች። “ወረደች!” ብሎ ጮኸ፤ ያኔ ሌሎች ጎረቤቶችም ወጡ።

ወደ ተራራው ስትጠጋ ቀይ ብልጭ፣ አረንጓዴ ብልጭ ትል ጀመር። እትዬን ያስፈራቸው ይኼ ነው፤ እውነትም ያስፈራል። አድማስ አጠገብ ብርሃኗ የሚያልፍበት አየር ብዙና የተረበሸ ስለሆነ ቀለሙን ይበትነዋል። በእኛ ሰፈር ደግሞ የፋብሪካው፣ የከሰሉና የሚቃጠለው ቆሻሻ ጭስ ይጨመርበታል።

“ኮከብ ከሆነች ታክሲ ውስጥ ስሆን ለምን ትከተለኛለች?” አሉ እትዬ።

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ቤቱና ዛፉ ወደ ኋላ ሲሸሽ እሷ በርቀቷ ምክንያት ከቦታዋ ንቅንቅ ስለማትል፣ ዓይናችን አብራን የምትሄድ ያስመስላታል። አልኩ፤ የገባቸው አይመስለኝም። ልጁ ቀድሞ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ በየረር በኩል ብቅ ያለ ቀይ ነገር አይቶ ኖሮ፣ “ያኛውስ?” አለኝ። ማርስ ነው አልኩት።

“ይኸው፣ ሁለት ሆኑ” አሉ እትዬ።

ጥር 2፣ ዓርብ

ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ትናንት ማታ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እሳት የሚመስሉ ነገሮች ተከታትለው ሲያልፉ ታይተዋል። ሚሳይል ነው የሚል አለ፣ ስምንተኛው ሺህ ነው የሚል አለ፣ ከእሳተ ገሞራው ጋር አያይዞ የተነተነም አለ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የሕዋ ፍርስራሽ ወይም ተወርዋሪ አለት ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። እነሱ እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፕ ተክለው ሰማይ ሲያዩ ዓመታት አልፈዋቸዋል፤ ከታክሲያችን ረዳት ይልቅ እነሱን ባምን አይፈረድብኝም።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ተወርዋሪ አለት በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር ይምዘገዘጋል፤ “እይ!” ብለህ ሳትጨርስ ያልቃል። ምድርን ሲዞር ቆይቶ የሚወድቅ የሮኬት ወይም የሳተላይት ስብርባሪ በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፤ ያውም አግድም። ስለዚህ እየተሰባበረ፣ ጭራውን እየጎተተ፣ ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ካሜራ እስኪከፍት ይጠብቃል። ይህን ያህል ሰው መቅረጽ መቻሉ ራሱ ወደ ፍርስራሹ እንዳደላ ያደርገኛል። ከመሬት መንቀጥቀጡ ጋር የሚያገናኘው የእኛ ፍርሃት ብቻ ነው፤ ሰሞኑን ሁላችንም እንደተዘጋጀ ወጥመድ ነን።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ አንድ የመጋዘን ዘበኛ ዘንድ ጎራ አልኩ። “ሌሊት ከኋላዬ የሚቆም ሰው አለ” ብለው መናገራቸውን ሰምቼ ነው። የጥበቃ ቤታቸው ቆርቆሮ ናት፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ጉልበቱ በሩን ይነካል። ነፋስ እንዳይገባ ክፍተቱን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢትና በጨርቅ ጠቅጥቀውታል። እግራቸው ሥር የሸክላ ምድጃ፣ ፍሙ አመድ ለብሶ።

“ምን ዓይነት ሰው ነው ጋሼ?”

“ፊቱን አላየሁትም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ይመጣል። ደረቴን ይጫነኛል፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ ኮቴ እሰማለሁ። ዱካክ ነው እንዳልል ተቀምጬ ነው፣ ነቅቼ ነው።”

“ከሰሉን መቼ ነው የሚያስገቡት?”

“ብርዱ ሲጠና ነዋ፣ አምስት ሰዓት ላይ።”

እ.ኤ.አ. በ1921 ዊሊያም ዊልመር የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም የአንድ ቤተሰብን ታሪክ አሳትሞ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ኮቴ ይሰማል፣ የማያውቁት ሰው ይታያል፣ ልጆቹ ይገረጣሉ፣ ራስ ምታት አይለያቸውም። መጨረሻ ላይ ቢመረመር የማሞቂያው ምድጃ ተበላሽቶ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይዞ አእምሮን ያፍናል። ምድጃው ሲጠገን “መናፍስቱም” ለቀቁ። በየክረምቱና በየጥቅምቱ ብርድ ከሰል ቤት አስገብተው በዚያው የሚቀሩትን ሰዎች ወሬ እየሰማን፣ ከሞት በፊት ያለውን ደረጃ፣ ኮቴ የሚያሰማውን፣ ከከሰል ጋር የሚያገናኘው ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ለዘበኛው አልተረክሁም። “ጋሼ፣ ይኼ ጭስ ሳይታይ ይገድላል። ከሰሉን ውጭ ይተዉት፤ እምቢ ካሉ እንኳ በሩን ገርበብ ያድርጉት” አልኳቸው። ብርዱን ማን ይችለዋል አሉኝ። ነገ አንድ ብርድ ልብስ ይዤላቸው እመጣለሁ።

ጥር 8፣ ሐሙስ

እኔ በምሠራበት ፋብሪካም የማይወደድ ክፍል አለ። ኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ስላለሁ ሌሊት ብቻዬን የምገባው እኔ ነኝ፤ ሆድን የሚያላውስ ነገር እንዳለው አልክድም። ቪክ ታንዲ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ቤተ ሙከራው ውስጥ ግራጫ ጥላ እያየ ሲቸገር፣ አንድ ቀን በማሰሪያ ላይ ያጠበቀው የሻሞላ ስለት ብቻውን ሲንቀጠቀጥ አገኘ። ምክንያቱ አየር ማውጫ ነበር፤ በሰከንድ 19 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ። በ1998 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳተመው። የእኛም ክፍል ምላጩ የተዛባ ትልቅ ቬንትሌተር አለው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን የምለካበት መሣሪያ የለኝም፣ የታንዲም ነገር በሌሎች ሙከራዎች በደንብ የተረጋገጠ አይደለም። የሚጥመኝ ማስረጃ ስለሆነ ብቻ እንዲያልፍ አልፈቅድለትም። ቬንትሌተሩ ግን ለራሱም ቢሆን መጠገን አለበት።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ጥምቀት አልፎ ዘበኛው ጋ ሄድኩ። ከሰሉ ደጅ ነው፤ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ስበውታል።

“ሰውየውስ?”

“በር ሲከፈትለት ወጣላ! መውጫ አጥቶ ነበር እኮ የሚያስጨንቀኝ።”

ራስ ምታቱም አብሮ ወጥቷል። ልከራከር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በዚህ ማብራሪያቸው ደግሞ ከእንግዲህ በሩን አይዘጉም።

ሻይ ስንጠጣ ስለ አባ ሳሙኤል አጫወቱኝ፤ የልጅነት ሰፈራቸው ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው እዚያ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይናዎች ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን እድፍ ሁሉ ተሸክመው የሚራገፉበት፣ እምቦጭ የወረረው ውኃ ነው። ሌሊት ሰማያዊ ብርሃን ዳር ዳሩን ይሄዳል፣ ሲጠጉት ይሸሻል ይላሉ።

ብስባሽ ካለበት ሚቴን የሚባለው ጋዝ ይኖራል። የፊዚክስ ሊቁ ቮልታ በ1776 እ.ኤ.አ. ማጆሬ ከሚባል የጣሊያን ሐይቅ ዳር አረፋውን ሰብስቦ በእሳት አቀጣጥሎታል። ችግሩ ሚቴን በራሱ አይቀጣጠልም፤ ክብሪቱን ማን ይጭራል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ወይም ደግሞ ነገሩ መኪና ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ ማርፋ የሚባል ቦታ ያለውን ዝነኛ ብርሃን ተማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ሲያጠኑት አውራ ጎዳናው ላይ ከሚያልፉ መኪኖች መብራት ጋር ገጥሞላቸዋል። እዚህም መንገድ ሞልቷል። ግን የዘበኛው የልጅነት ብርሃን ከመኪናው ብዛት ይቀድማል፤ ያውም ሰማያዊ ነው ብለውኛል።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ሌሊት ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው። “ሰዓት ሰዓት ስትል፣ ይኸው ሰባት ሰዓት ከሃያ። ተነስ!”

ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ቬኑስ ከጠለቀች ቆይታለች፣ ጨረቃ ገና አልወጣችም፣ ደመና የለም። በደቡብ ምዕራብ፣ በአባ ሳሙኤል አቅጣጫ፣ ከአድማሱ ዝቅ ብሎ ሰማያዊ ነገር እንደነበረና ሁለት አቡነ ዘበሰማያት የሚያስደግም ጊዜ እንደቆየ ነገሩኝ። ልጁም አይቷል። ለየብቻ ጠየቅኋቸው፤ አቅጣጫውን ሁለቱም በአንድ የመብራት ምሰሶ በኩል አመለከቱኝ። እኔ ስደርስ ምንም አልነበረም።

ጻፍኩት፦ 7፡20፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ሁለት ምስክር፣ ምክንያቱ አልታወቀም።

“ታዲያ ምንድን ነው ትላለህ?” አሉኝ እትዬ።

“አላውቅም።”

“እሰይ!” ብለው ልጁን ይዘው ገቡ።

ነገ እሑድ ነው። ዘበኛው ተረኛ ስላልሆኑ አባ ሳሙኤል ድረስ አብረን እንወርዳለን፤ ክብሪትና አፈ ሰፊ ጠርሙስ እይዛለሁ።