የጋዜጣው መልመጃ በዴሳው

ከበርሊን በባቡር ተሳፍራችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ብትጓዙ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዴሳው ትደርሳላችሁ። ከጣቢያው በስተጀርባ ጥቂት ደቂቃ በእግር እንደ ሄዳችሁ፥ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መስተዋት የሆነ ትልቅ ሕንፃ ይታያችኋል። ባውሀውስ የተባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ይህ ነው። ፕላኑን ያወጣው ዋልተር ግሮፒዩስ ነው፤ የተመረቀውም በ1926 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ጐብኚ ሁሉ መስተዋቱን ያደንቃል። በእኔ አስተያየት ግን ይበልጥ ሊደነቅ የሚገባው ከመስተዋቱ በስተኋላ ይሰጥ የነበረው ትምህርት ነው።

የመሰናዶውን ክፍል ያስተምር የነበረው ዮሴፍ አልበርስ ነው። ቀድሞ የሕፃናት ትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ ይህ ለእኛ ለመምህራን ደስ የሚያሰኝ ነው። አዲስ ገቦቹን የሚያሠራቸው በወረቀት፥ በሽቦና በቆርቆሮ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ በኋላ እንደ ተረከው፥ አንድ ቀን አልበርስ አሮጌ ጋዜጦች ተሸክሞ ገባና አደላቸው። ከወረቀቱ አንድ ቁም ነገር አውጡ፤ ቢቻል መቀስም ሙጫም አትንኩ፤ አታባክኑ ብሎ ወጣ።

ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ጀልባው፥ ግንቡ፥ አውሮፕላኑ፥ ጭምብሉ ተደርድሮ ጠበቀው። እነዚህንስ በሌላ ዕቃ ቢሠሯቸው ይሻል ነበር አለ። ከዚያም አንድ የሀንጋሪ ወጣት ወደ ሠራው አመለከተ። ልጁ ጋዜጣውን በቁመቱ ከማጠፍ በቀር ያደረገው ነገር የለም፤ ወረቀቱ ግን እንደ ተጣጣፊ መጋረጃ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለስላሳው ነገር በመታጠፉ ብቻ ጠንክሯል፤ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ አንድ ወገኑ ብቻ ይታይ የነበረው አሁን በሁለት ወገን ይታያል። ግንብ የሠራው ተማሪ በዚያች ሰዓት ምን ተሰምቶት ይሆን?

በ1928 ገደማ ኡምቦ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ይህን የመሰለ ጉባኤ አንሥቷል። ሥራዎቹ መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ ተማሪዎቹ ዙሪያውን ከበው ያያሉ። ልብ በሉ፤ የሚመረመረው ወረቀቱ ነው እንጂ ልጁ አይደለም። «ያምራል» ወይም «አያምርም» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ወረቀቱ ለምን ቆመ፥ ለምንስ ወደቀ ተብሎ ይጠየቃል። በእኛ ክፍል ደብተሩ ወደ መምህሩ ይሄዳል፥ ቀይ ምልክት ይዞ ይመለሳል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ስድስት ለምን እንዳገኘ፥ እሱስ ዘጠኝ ለምን እንዳገኘ ሁለቱም አያውቁም። በቅኔ ቤት የኖረ ሰው ግን የዴሳው ነገር ብዙ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ጓደኞቹ ይሰማሉ፤ የጐደለው ቤት እዚያው ይታረማል።

በ1932 ናዚዎች የበረቱበት የከተማው ምክር ቤት ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ ወሰነ። ወደ በርሊን ቢዛወርም በ1933 ፈጽሞ ተዘጋ። ሕንፃው በጦርነቱ ተጎድቶ ነበር፤ በኋላ ታድሶ በ1996 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የተማሪዎቹ መኖሪያ የነበሩት ትንንሽ ክፍሎች ዛሬ ለእንግዳ ስለሚከራዩ፥ ዴሳው የደረሰ ሰው እዚያው ሊያድር ይችላል።

አልበርስ በ1933 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች መካከል በሚገኝ አዲስ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር ለማለት ይቻላል። በዚያ ያሉ ተማሪዎቹም ከዛፍ የረገፈ ቅጠል እየለቀሙ ይሠሩበት ነበር።