መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም እንጠይቅ



ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። በስደት አገር ሱቅ፣ ጽሕፈት ቤት ወይም ማኅበር የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ አዲስ ሶፍትዌር ግዙ የሚል ሻጭ ደጃችሁን ሳያንኳኳ አይቀርም። ነገ የትኛው እንደሚያሸንፍ ግን ሻጩም አያውቀው።

ይህን የማነሣው በከንቱ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ የኮሙኒቲ ማኅበር «የቀድሞ ጋዜጠኛ ነህና እርዳን» ብሎ በ1990ዎቹ የተጻፈበት አንድ ካርቶን ፍሎፒ ዲስክ አስረከበኝ። ጋዜጣው፣ ቃለ ጉባኤው፣ በስደት ላረፉ ወገኖች የተጻፈው መታሰቢያ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ማንበቢያ መሣሪያ ፈልገን ስንከፍተው የወጣው ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። የእኛ ገበታ 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በራሱ መንገድ ደለደለው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። የጋራው ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዊንዶውስም «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው።

ታዲያ መጠበቅ ይሻል ነበር? አቪናሽ ዲክሲትና ሮበርት ፒንዳይክ በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የማይመለስ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መጠበቅ ራሱ ዋጋ እንዳለው አሳይተዋል። ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጋዜጣ ዓመታት አይጠብቅም፤ ስደተኛው ወሬውን የሚፈልገው በዚያው ሳምንት ነበር። ስለዚህ በመግዛታቸው የሚወቀሱ አይደሉም። ጋዜጣቸውን ያተረፈው በየቤቱ የተቀመጠው የታተመ ቅጂ ነው፤ ዛሬ ከእርሱ እየገለበጥን ነው። ያልታተመው ቃለ ጉባኤ ግን እንደታሰረ አለ።

ጥያቄው እንግዲህ «የትኛው ያሸንፋል?» ሳይሆን «ይህ ቢሸነፍ ምን ይዤ እወጣለሁ?» ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ የደንበኞቼን መዝገብና ሒሳቤን ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው መልክ ማውጣት እችላለሁ? ውሉስ ስንት ወር ያስረኛል? ሻጩ መልስ ካጣ ጥቂት ብቻ ግዙ፤ በአጭር ውል ግዙ፤ ቅጂም ያዙ።

ብዙዎቻችን ከአገር ስንወጣ ምን ይዘን እንደምንወጣ ለማሰብ ፋታ አላገኘንም። ለሥራችን ግን ፋታው አለን።

ቸር ይግጠመን።